የአቶ እንግዳወርቅ ድምፅ

አንድ ቀን፣ እሁድ ጠዋት ነው፣ እዚህ ደሴ የእኛ ሰፈር እድር የሊቀመንበር ምርጫ ጠራ። ሊቀመንበሩ አቶ እንግዳወርቅ ወንበሩ ላይ ከተቀመጡ አሥራ ስምንት ዓመታቸው ነው። የማያውቁት ነገር የለም። ሐኪም ቤት ሄደው ለሐኪሙ መድኃኒት ያዙለታል፤ ጋራዥ ሄደው መካኒኩን «ተነስ እስቲ፣ እኔ ልየው» ይሉታል። ሰውን አስጨርሶ መስማት የሚባል ነገር ደግሞ አልፈጠረባቸውም። የዚያን ቀን የተወዳደሯቸው ወይዘሮ ትርንጎ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ፣ የሰፈሩን ልጅ ግማሹን በእጃቸው የተቀበሉ ሴት።

የስፒከሩን ሥራ የያዘው ወንድይፍራው ነው። ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ነው፤ እጁም ምላሱም አያርፍም። እድሩ ያለው ስፒከር አንድ ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ባለ ብዙ ቀዳዳ ሳጥን ይዞ መጣና ገመድ ይሰካካ ጀመር። አንዱ ላይ የሊቀመንበሩን ማይክ ሰካ፤ አንዱ ላይ የወይዘሮ ትርንጎን። ሦስተኛው ላይ ያለፈው ዓመት ስብሰባ የተቀዳበትን የጸሐፊውን ላፕቶፕ፣ አራተኛው ላይ ደግሞ የጋሽ ምህረቱን ልጅ ስልክ። ጋሽ ምህረቱ እድሩን ከመሠረቱት አንዱ ናቸው፤ የአልጋ ቁራኛ ከሆኑ ዓመት ሊሞላቸው ነው። መምጣት ቢያቅታቸው ቃላቸውን በልጃቸው ስልክ አስቀድተው ላኩ።

አቶ እንግዳወርቅ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ሳጥኑን አዩት።

«ምንድን ነው ይሄ የገመድ ጋጋታ?»

«ሚክሰር ነው ጋሼ። አራቱንም በአንድ ስፒከር ያወጣል።»

«ስፕሪስ ልታደርገን ነው እንዴ?»

«ስፕሪስ መቼ ይደባለቃል ጋሼ? ሁሉም በየደረጃው ነው የሚተኛው። ከፈለጉ እርስዎን አቮካዶ አድርጌ ከላይ አስቀምጥዎታለሁ።»

ቤቱ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

ስብሰባው ተጀመረ። አቶ እንግዳወርቅ ማይኩን እንደያዙ ቀሩ። ሃምሳ ደቂቃ ያህል ከተናገሩ በኋላ ጸሐፊው እንደምንም ብሎ ላፕቶፑን ከፈተ። «ድንኳኑን በሦስት ወር ውስጥ ካላሳደስኩ እንግዳወርቅ አትበሉኝ!» የሚል ድምፅ አዳራሹን ሞላው። ድንኳኑ እስከዛሬ እንደተቀደደ ነው።

«ይሄ የእኔ ድምፅ አይደለም! አጥፋው!» አሉ።

ወይዘሮ ትርንጎ ተነስተው «እንደምን አደራችሁ» ከማለታቸው፣ «ሰላምታውን ሰምተናል፣ አጥፋው!» አሉ ሊቀመንበሩ።

በመጨረሻ ስልኩ ተከፈተ። የጋሽ ምህረቱ ድምፅ ቅጥነቱ! እያቆራረጡ፣ «ልጆቼ… እንግዳወርቅ መቼም ወሬ ያበዛል…» ከማለታቸው ሊቀመንበሩ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ይሄንንም አጥፋው!»

ስልኩን ይዛ የመጣችው የጋሽ ምህረቱ ልጅ አንገቷን ደፋች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እኔ ራሴ እሳቸውን ልመርጥ ነበር የመጣሁት።

«ጋሼ፣ የታመመ ሰው ቃል እኮ ነው፤ እስኪጨርሱ እንኳ…» አለ ወንድይፍራው።

«ስማ! በዚህ ስፒከር ከእኔ በቀር ማንም አይሰማም! የሌላውን ድምፅ ሁሉ አጥፋ! እምቢ ካልክ ዛሬውኑ ስምህን ከእድሩ መዝገብ እሰርዘዋለሁ!»

ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ወንድይፍራው ቤት ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው እናት አሉ፤ ከእድር የተባረረ ሰው እናቱን ከማን ጋር ይቀብራል? ፊቱ አመድ መሰለ። ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ ጠየቀ።

«የሌላውን ሁሉ?»

«የሌላውን ሁሉ!»

«የእርስዎ ብቻ ይኑር?»

«የእኔ ብቻ!»

«እንግዲህ ጉባኤው ይስማልኝ» አለና በሳጥኑ ላይ ያሉትን የሌሎቹን ሦስት የድምፅ ቁልፎች አንድ በአንድ ወደ ታች ሳባቸው።

ምርጫው ተካሄደ። ሁላችንም ወረቀታችንን ካርቶን ውስጥ ጨመርን፤ ሦስት ሽማግሌዎች ቆጠሩ። አቶ እንግዳወርቅ የምስጋና ንግግራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው እያጠኑ ነው።

«ወይዘሮ ትርንጎ፣ መቶ አሥራ ሁለት ድምፅ» አሉ አንደኛው ሽማግሌ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አቶ እንግዳወርቅ… አንድ ድምፅ።»

አቶ እንግዳወርቅ ማይኩን አፈፍ አደረጉት።

«ተጭበርብሯል! እኔ አንድ ድምፅ? ድምፄን ምን በላው?» ዞር ሲሉ ወንድይፍራውን አዩት። «አንተ ነህ! በዚያ ሳጥንህ የሸረብከው ነገር አለ! ድምፄን የት አደረስከው?»

ወንድይፍራው ጎንበስ ብሎ ቁልፎቹን አየ።

«ኧረ ጋሼ፣ የእርስዎ ድምፅማ ይኸው፣ ማን ነክቶት! አጥፋ ያሉኝ የሌላውን ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ አብልጠው የሳቁት የአቶ እንግዳወርቅ ባለቤት ናቸው፤ አንዱ ድምፅ የራሳቸው የሊቀመንበሩ ብቻ እንደሆነ ያኔ ገባን።

ወይዘሮ ትርንጎ በሊቀመንበርነት መጀመሪያ ያዘዙት የጋሽ ምህረቱ ቃል እንደገና እንዲከፈት ነው። ወንድይፍራው ቁልፉን ወደ ላይ ገፋው።

«ልጆቼ… እንግዳወርቅ መቼም ወሬ ያበዛል… ግን ስታመም በጀርባው አዝሎ ሐኪም ቤት ያደረሰኝ እሱ ነው። ለእኔ ስትሉ፣ ዘንድሮም እሱን ምረጡልኝ።»

አቶ እንግዳወርቅ ወንበራቸው ላይ ዘፍ አሉ። ወንድይፍራው ጠጋ ብሎ በጆሯቸው፣

«ጋሼ፣ አሁንስ ላጥፋው?» አላቸው።