ድንቡሼና ሽቦ በአንድ ሳህን

አንድ ቀን ጋሼ ዘውገ አየር ለመለወጥ ከባለቤታቸው ከእትዬ አሰገደች ጋር ቢሾፍቱ፣ ታናሽ እህታቸው ስንቅነሽ ቤት መጡ። ሐኪም ጋሼን «ክብደት ይቀንሱ» ብሏቸዋል፤ እትዬን ደግሞ «እርስዎ ይጨምሩ» ብሏቸዋል። ጋሼ ከመኪናው ሳይወርዱ የግቢው በር በተሳሳተ በኩል እንደሚከፈት ተናገሩ። ገና አንድ ብርጭቆ ውሃ ሳይጠጡ ደግሞ የውሃ ታንከሩ ያለቦታው እንደተቀመጠ አስረዱ። ስንቅነሽ ለምዳዋለች። ጋሼ የማያውቁት ነገር ቢኖር «አላውቅም» ማለትን ብቻ ነው።

የዚያን ሰሞን እሷን ያስጨነቃት ግን ሌላ ነበር። ልጇ ሶስና ለትምህርት ጅማ ስትሄድ ሁለት ጥንቸሎቿን «እማዬ፣ አደራ!» ብላ ትታላት ነበር። ሴቷ ድንቡሼ ትባላለች፤ ከመወፈሯ የተነሳ ጀርባዋን መላስ አቅቷታል። ወንዱ ሽቦ ነው፤ ሲዳስሱት አከርካሪው ይቆጠራል። ሁለቱ ግን ለአፍታ አይለያዩም። አፍንጫ ለአፍንጫ ገጥመው ከአንድ ሳህን ይበላሉ፣ አንዱ በአንዱ ላይ አንገቱን ጥሎ ይተኛል። ችግሩ፣ ሽቦ አንዴ ነክሶ ቀና እስኪል ድንቡሼ ሳህኑን አራግፋዋለች።

የእንስሳት ሐኪሙ «እሷ ትቀንስ፣ እሱ ይጨምር» አለ።

«ከአንድ ሳህን እየበሉ እንዴት አድርጌ?» ብትለው ራሱን አከከና «እሱን እንግዲህ እርስዎ መላ ይፈልጉለት» ብሎ ሳቀ።

ጋሼ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ።

«ምን መላ ያስፈልገዋል? መለየት ነው! እሷን እዚህ፣ እሱን ጓሮ። ለእሷ ድርቆሽ ብቻ፣ ለእሱ ካሮትና ፉርሽካ። አለቀ!»

«ጋሼ፣ ተለያይተው አያውቁም እኮ።»

«ይለምዳሉ!»

ስንቅነሽ ልቧ አልወደደውም። ግን ታላቅ ወንድሟን፣ ያውም ገና በእንግድነት የመጡ ዕለት፣ እንቢ የምትልበት አፍ አጣች። ሽቦን አቅፋ ወደ ጓሮ ወሰደችው። ድንቡሼ ከኋላዋ መሬቱን በእግሯ ትደበድባለች።

በማግሥቱ ካሮቱ እንዳለ ነው። ፉርሽካውም እንዳለ ነው። ሽቦ ጆሮውን ጥሎ፣ ፊቱን ድንቡሼ ወዳለችበት ግድግዳ አዙሮ ኩርምት ብሏል። ስንቅነሽ ደንግጣ ሐኪሙ ጋ ደወለች።

«ጥንቸል ቀኑን ሙሉ ሳይበላ ከዋለ አንጀቱ ሥራ ያቆማል፤ ከዚያ በኋላ ማትረፍ ከባድ ነው» አላት። «እስከ ከሰዓት ካልቀመሰ ይዘውት ይምጡ። ለመሆኑ ምን አድርገውት ነው?»

ምን እንዳደረገችው ለመናገር አፈረች። ስልኩን ዘግታ ወደ ጋሼ ሄደች።

«ጋሼ፣ ልመልሳቸው። አልበላም እኮ። ቢሞትብኝ ለሶስና ምን እላታለሁ?»

«እንዳትሞክሪው! ማኩረፉ ነው፤ ይለምዳል አልኩሽ። ይልቅ አንዲት በቂ ምክንያት አምጪና አሳምኚኝ። ያኔ ራሴ ተሸክሜ አመጣልሻለሁ።»

ስንቅነሽ ምሳ ልታቀርብ ገባች።

ለእትዬ አሰገደች ክትፎውን ከነአይቡ ሳሎን አቀረበችላቸው። የጋሼን ጎመን ደግሞ ይዛ ወጣች።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ምሳ ውጭ ነው። እዚያ ከግቢው በር አጠገብ፣ ማንጎው ሥር።»

«ከበሩ አጠገብ? ዘበኛ ቀጠርሽኝ እንዴ?»

«ኧረ በስመ አብ ይበሉ! እርስዎ ይቀንሱ፣ እትዬ ይጨምሩ ተባለ አይደል? ለየኋችሁ።»

ጋሼ ነገሩ ገባቸው፤ ግን እጅ መስጠት አይወዱም። «ጥሩ!» አሉና ኮታቸውን አስተካክለው ማንጎው ሥር ተቀመጡ። አንዴ ጎረሱ። አላመጡ፣ አላመጡ። ከዚያ ወደ ቤቱ አንጋጠው ተጣሩ።

«አሰገደች! በላሽ?»

«ምኑን በላሁት!» አሉ እትዬ ከሳሎን። «አንተስ?»

«አልወርድ አለኝ!»

«እኔንም እንዲያው ነው!»

ትንሽ ቆይተው ጋሼ ሳህናቸውን ይዘው ተመለሱ።

«ስሚ ስንቅነሽ፣ ቀልዱ ይብቃ። እኔና አሰገደች ከተጋባን ጀምሮ ለየብቻ ማዕድ ቀርበን አናውቅም። ሰው እንዴት ብቻውን ይበላል?»

«ይለምዳሉ፣ ጋሼ።»

«ምን እለምዳለሁ! እኔ ጥንቸል ነኝ እንዴ?»

«የለም ጋሼ፣ እርስዎማ አፍ አለዎት፤ አንዲት ጉርሻ ሳትወርድልዎት ሰፈሩን በጩኸት አናወጡት። ሽቦ ግን ከትናንት ጀምሮ የሚጮኸው በሞላ ሳህኑ ነው።»

እትዬ አሰገደች በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ጋሼ ሳህኑን አስቀመጡና ወደ ጓሮ ሄዱ። ሽቦን ደረታቸው ላይ አቅፈው አመጡት። መሬት ሲያስቀምጡት ድንቡሼ ሮጣ መጥታ ግንባሩን ላሰችው። እሱም አንገቱን ጀርባዋ ላይ ጣል አድርጎ ቆየና ከድርቆሿ አንዲት ዘለላ መዞ ማኘክ ጀመረ። ስንቅነሽ ያን ጊዜ ነው የተነፈሰችው።

ከሰዓት በኋላ የእንጨት ሳጥን ፈልጋ በጎኑ ሽቦን ብቻ የሚያሳልፍ ቀዳዳ አስበጀችለት። ድርቆሹ ለሁለቱም ውጭ፣ ካሮትና ፉርሽካው ሳጥኑ ውስጥ። ሽቦ ሲያሰኘው ሾልኮ ይገባል፣ በልቶ ይወጣል። ድንቡሼ ከአፍንጫዋ በቀር ምኗም አይገባም፤ ሳጥኑን ስትዞር ትውላለች፣ ሳታውቀው ስፖርት ትሠራለች።

በማግሥቱ ምሳ ላይ ጋሼና እትዬ በአንድ ትሪ ቀረቡ፤ ጎመኑ በጋሼ በኩል፣ ክትፎው በእትዬ በኩል። ጋሼ ግን ዓይናቸው ከትሪው ማዶ፣ ክትፎው ላይ ነው። እትዬ ክትፎውን በእንጀራ ጠቅለል ሲያደርጉ ጋሼ እንደልማዳቸው ለጉርሻ አፋቸውን አሰናድተው እየጠበቁ፣ በመስኮት ወደ ድንቡሼ አገጫቸውን ቀሰሩ።

«ትንሽ ብልህ ብትሆን እኮ መግቢያ አታጣም ነበር» አሉ።

እትዬ አሰገደች ጉርሻውን ወደ ራሳቸው አፍ እየወሰዱ መለሱላቸው።

«አንተማ ብትሆን ሳጥኑን ተሸክመህ ትሄድ ነበር!»