የሐጂ ጀውሀር ፒካፕና አረንጓዴው ባሌስትራ

ጀመዓ፣ አላህ ልባችንን ከመጥፎ ጥርጣሬ ያጽዳልንና፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት አሮጌ ፒካፕ ነው። አትሳቁ! ሰው በፒካፕም ይፈተናል።

ግንቧ ያረጀ፣ መስጊዷ ከግንቡም የቀደመ አንዲት ከተማ ነበረች። እዚያ ሐጂ ጀውሀር የሚባሉ የጨው ነጋዴ ይኖሩ ነበር። ሀብታም አልነበሩም፤ ታማኝ ነበሩ። መንገደኛው ገንዘቡን፣ ሙሽራዋ የጥሎሽ መህሯን፣ ገበሬው የከብቱን ዋጋ ሱቃቸው ውስጥ ባለው ሣጥን አማና ያስቀምጣል። ደረሰኝ ብሎ ነገር የለም። “ሐጂ ጋ ነው” ከተባለ በቃ፣ ሰው እንቅልፉን ይተኛል።

ፒካፗ ጨው ጭና ወደ ተራራው መንደሮች ትወጣለች፤ ስትመለስ በሽተኛና ምጥ የያዛትን ሴት በነጻ ታወርዳለች። ታዲያ እርጅና ተጫናት። ትንሽ ሲጫንባት ጀርባዋ ይወርድና ሆዷ ከድንጋይ ጋር ይላተማል። አንድ ቀን ነፍሰ ጡር ጭነው ሲወርዱ፣ ሴትየዋ በየጉድጓዱ ስትጮህ፣ ሐጂ መሪውን እንደያዙ አለቀሱ። በማግሥቱ ወደ መካኒኩ አብራር ጋራዥ ሄዱ።

“ባሌስትራው ደክሟል” አላቸው አብራር። ባሌስትራ ማለት ተደራርቦ ታስሮ የመኪናውን ጀርባ የሚሸከመው ብረት ነው። “አዲስ ላስመጣ ካሉ ዋጋው አይቀመስም። ያገለገለ ጠንካራ ብረት ፈልጌ ልደርብልዎ።”

“ሐላሉን ፈልግልኝ” አሉት፤ ያላቸውም አቅም ለዚያው ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አብራር አገኘሁ ብሎ አስጠራቸው። ቢያዩት ብረቱ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ነው። ሐጂ ክው አሉ። በዚያች ከተማ ባሌስትራውን አረንጓዴ የሚቀባ አንድ ሹፌር ብቻ ነበር፤ እሱም ኸሊል ነው። ኸሊል ደግሞ ከሞተ ዓመት አልፎታል። መኪናው በሚስቱ በሸምሲያ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆሟል፤ የትንንሽ የቲም ልጆቹ ውርስ ነው።

“ከየት አመጣኸው?”

“የሸጠልኝ ሰው ስሜን እንዳታነሳ ብሎኛል።”

“አብራር፣ የየቲም ሐቅ እሳት ነው!”

“ወላሂ አልሰረቅኩም፣ ሐጂ” አለ። ወደ ሥራውም ተመለሰ።

ሐጂ ጠረጠሩ። ሰው ናቸዋ! ልብ ያለው ሁሉ ይጠረጥራል። ነገር ግን ጥርጣሬያቸውን ለገበያ አላወጡትም። ባለቤታቸውን መሬምን አስከትለው ሸምሲያ ቤት ሄዱና ከመጋረጃው ወዲህ ተቀምጠው ጠየቋት።

“ልጄ፣ ከግቢሽ የጠፋ ብረት አለ?”

ሸምሲያ ለቅሶ ቀደማት። “የጠፋ የለም፣ ሐጂ። የሸጥኩት እኔ ነኝ። ልጆቼ የሚቀምሱት አጡ። የኸሊል ወንድሞች ‘ማሳደግ ካቃተሽ ልጆቹን እንከፋፈላቸዋለን’ ብለውኛል። መኪናውን ፈታታ እየበላች ነው የሚል ወሬ ከደረሳቸው ነገ መጥተው ይነጥቁኛል። በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ለማንም አይንገሩብኝ።”

“ከኔ አፍ አይወጣም” አሏት። ከዚያን ቀን ጀምሮ መሬም በጓሮ በር ዱቄት ታስገባላት ነበር።

አብራር ጥቁር ቀለም አዘጋጅቶ ጠበቃቸው። “ልቀባልዎ፣ ሐጂ። ማንም አይለየውም።”

ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋራዡ ያለው ወደ ጁምዓ መስጊድ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። “ሕዝቡ ለሶላት ሲያልፍ እያየው ሄዷል። አሁን ብትቀባው ሰርቀው ቀቡት ነው የሚሉን። በዚያ ላይ ምን የምደብቀው አለኝ? እንዳለ እሰረው።”

ታሰረ። ፒካፗ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ጨዉንም ሆነ በሽተኛውን ሳትንገጫገጭ አወረደች። የከተማው ምላስም አብሯት ተነሣ።

“አያችሁ? የኸሊል ብረት!”

“እኚህ ሰውዬ በጓሮ ነው የገቡት።”

“ኧረ ተዉ እናንተ፣ የኛስ ወርቅ በሣጥኑ ውስጥ አለ?”

የሰፈሩ ሴቶች ሸምሲያን ጠየቋት። እሷ መሬት መሬቱን እያየች “አላህ ያውቃል” አለች። እነሱም “ምስኪን፣ ፈርታ ነው” ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ። መስጊድ ውስጥ ከሐጂ ጎን ይሰግድ የነበረው ሰው ሶፉን ትቶ ሌላ ረድፍ ያዘ። አይ ሰው! ትከሻውን የሚያሸሸው በአላህ ቤት ውስጥ ነው።

አንድ ቀን ኑርዬ የሚባለው የጨርቅ ነጋዴ ሱቃቸው ድረስ መጣ።

“ሐጂ፣ ያ ባሌስትራ ከየት ነው?”

“ገዝቼው ነው።”

“ከማን?”

“እሱን አልናገርም።”

“ንጹሕ ሰው ምን ይደብቃል?” ብሎ ወጣ።

መሬም ትዕግሥቷ አለቀ። “አንዲት ቃል ቢተነፍሱ እኮ ያበቃል!” አለቻቸው።

“የኔ ያበቃል፤ የሷ ይጀምራል” አሏት።

ከዚያም የገበያ ዕለት የፈሩት ደረሰ። ሰው ተሰልፎ አማናውን ሊወስድ መጣ፤ ከፊት ኑርዬ ነው። ሐጂ ሣጥኑን ከፍተው ለያንዳንዱ የራሱን ይመልሳሉ። “አልሐምዱሊላህ፣ እየው፣ እንዳለ ነው” ይላሉ። ዕድሜ ልካቸውን የገነቡት ስም በአንድ ረፋድ ሲፈርስ በዓይናቸው እያዩት ነው።

በዚህ መሐል ሸምሲያ ሰልፉን እየገፋች ገባች። ከነጠላዋ ጫፍ አንድ ቁልፍ ፈትታ ባንኮኒው ላይ አኖረች።

“ሐጂ፣ የኸሊል መኪና ቁልፍ ነው” አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ። “ልጆቼ እስኪያድጉ መኪናቸውን ከነቁልፉ አማና ይያዙልኝ። ከርስዎ ሌላ የማምነው የለኝም።”

ኑርዬ ከረጢቱን እንደያዘ ተገትሮ ቀረ።

“እንዴ፣ እኚህ ሰውዬ አይደሉም እንዴ የ...”

“የምን?” አለችው። “ከቤቴ አንዲት ምስማር የወሰደብኝ ሰው የለም።”

ኑርዬ ከረጢቱን ቀስ ብሎ ባንኮኒው ላይ መልሶ አስቀመጠ። “አፉ በሉኝ፣ ሐጂ። ግን ለምን ያኔ አልተናገሩም? ስምዎ እንዲህ እስኪቆሽሽ?”

ሐጂ ጀውሀር ቁልፉን አንሥተው ሣጥኑ ውስጥ አኖሩ። “አፉ ብያለሁ” አሉ። “ስም ቢቆሽሽ ይታጠባል፤ የተገለጠ ገመና ግን መልሶ አይከደንም።”

እኛ ይህን የሰማነው ሐጂ ከሞቱ በኋላ ከራሷ ከሸምሲያ ነው። ልጆቿ አድገው፣ ማንም የማይነጥቃት ሲሆን፣ አውጥታ ተናገረች።

ጀመዓ፣ የሐጂ ታሪክ ለኔ እንዲህ ይገባኛል። ሐጂም ጠርጥረው ነበር፣ ከተማውም ጠርጥሮ ነበር። ልዩነቱ ሐጂ የጠረጠሩትን ይዘው ወደ ባለጉዳይዋ በር ሄዱ፤ ሌላው ወደ ጎረቤቱ ጆሮ ሄደ። በዚያ ሰሞን ስለ አንድ ብረት ያልተቆረቆረ አንደበት አልነበረም። “የየቲም ሐቅ! የየቲም ሐቅ!” እያለ ከተማው ተንጫጫ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ግን የሸምሲያን በር አንኳኩቶ “ልጆቹ ዛሬ ምን በሉ?” ያለ አንድም አልነበረም።