አማትና ምራትን ያኳረፈው የቡላ ገንፎ

ተረት ተረት።

የላም በረት።

ላሟንስ ዛሬ ተዉአት፣ ትረፍ። የዛሬው የእንሰት አገር ነገር ነው። ጠጋ በሉ። አንተ ከኋላ ያለኸው፣ ማዛጋትህን አይቻለሁ፤ ገና ሳልጀምር።

በድሮ ዘመን በእንሰት አገር ዳርምየለሽ የምትባል ባልቴት ነበረች። አንድ ልጅ ነበራት፤ ስሙ ዘበርጋ። ዘበርጋ ለንግድ ወደ ገብስ አገር ወጣና የሺመቤት የምትባል ልጅ አግብቶ ይዟት መጣ። ልጅቱ ቆንጆ ናት፣ ሥራም ትወዳለች። ኩራቷ ግን አይጣል ነው። የአማቷም ኩራት አይጣል ነው። እንግዲህ ሁለቱ በአንድ ጎጆ ገቡ።

በዚያ አገር ልማድ ነበረ። ሙሽራ ከገባች አማት ምድጃ አትነካም። ሙሽራዋ የቤቱ ሰው የምትባለውም የቡላ ገንፎ ሠርታ አማቷ ጠርጋ ስትበላላት ነው። ካልተበላላት ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች። ደግሞም አማት ሳትጠየቅ አታስተምርም።

ቡላ ታውቁ የለ? እንሰቱ ይፋቃል፣ ይጨመቃል። የሚወጣው ነጭ ውሃ ይቀመጥና ይጠልላል። ከሥር የሚቀረው ይደርቅና ቡላ ይሆናል። ሲያዩት ዱቄት ይመስላል። የሺመቤትም ዱቄት መሰላት። አማቲቱ የማታውቂው ካለ ጠይቂኝ ብትላት፣ ገንፎማ ያደግሁበት ነው ብላ መለሰች።

ከዚያም ውሃውን አፈላችና ቡላውን በፈላው ላይ ነሰነሰችው። በማማሰያም አገላበጠችው። የገብስ ዱቄት እንዲህ ሲያደርጉት እሺ ይላል። ቡላ ግን የፈላ ውሃ ድንገት ሲነካው ይደነግጣል። እርስ በርሱ ይጣበቅና ይጓጉላል። ላዩ ይበስላል፣ ልቡ ደረቅ እንደሆነ ይቀራል። ዳርምየለሽ አንዴ ቀመሰችና አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳህኑን ገፋችው።

የሺመቤት በማግሥቱ እሳቱን ጨመረች፤ ባሰ። ጉልበቷን ጨመረች፤ ትልልቁ ጓል ትንንሽ ጓል ሆነና በዛ። ዳርምየለሽም ነጠላዋን ወደ አፏ፣ ሳህኑን ወደ ምራቷ። ልጅቱ ንቃኛለች ብላ አዘነች።

ምስጢሩን ልንገራችሁ፣ ለማንም እንዳታወሩ። ዳርምየለሽ በወጣትነቷ ባቄላ በመቆርጠም የምትታወቅ ሴት ነበረች። አሁን ግን የመጨረሻው ጥርሷ ከሠርጉ በፊት ወልቋል። ይህንን ልጇ እንኳ አያውቅም። ቆጮው አይታኘክላት፣ ጓሉ አይላመጥላት፣ በወተት ብቻ ትውላለች። ምድጃውን እንዳትነካ ልማድ ያዛት። እንዳትናገር ኩራት ያዛት። በራብ ከሳች፣ ስትነሳም ምሰሶ መደገፍ ጀመረች።

በመጨረሻ ጎረቤቶቹ ነገሩ አበቃ አሉ። ዘበርጋ አንገቱን ደፍቶ ሚስቱን የሚመልስባትን በቅሎ ሊጭን ወጣ። የሺመቤት ዘበርጋን ትወደው ነበር። ዕቃዋን እየጠቀለለች አለቀሰች። ከዚያ ቀና ስትል አማቷን አየቻት። ምሰሶውን ይዛ ቆማለች፣ ክንዷ ቀጥኗል። የሺመቤት የራሷን ኀዘን ረሳችና አማቷ አሳዘነቻት።

የሺመቤት፦ እማማ፣ እኔስ ልሂድ። ግን እርስዎ ሳይበሉ ትቼዎት መሄድ አልቻልኩም። የእናንተ ቡላ እንዴት ነው የሚበስለው?

ዳርምየለሽ ይህንን ጥያቄ ስትጠብቅ ነበር የሰነበተችው። ደስ ብሏት ነጠላዋን አፏ ላይ መያዝ ረሳች።

ዳርምየለሽ፦ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጪው፣ ልጄ። እያንዳንዱ ቅንጣት ለብቻው ውሃ ይጠጣ። ከዚያ በዝግታ እሳት ላይ ጣጂው፣ እጅሽ ሳያርፍ አማስይው።

የሺመቤት ግን ዓይኗ አማቷ አፍ ላይ ቀርቶ ነበር።

የሺመቤት፦ እማማ፣ ጥርስዎስ?

ዳርምየለሽ፦ አንቺ አለማወቅሽን ደበቅሽ፣ እኔ ድዴን ደበቅሁ። በይ አሁን ጣጂው፣ ራበኝ።

ሁለቱም ሳቁ። የሺመቤት ቡላውን በቀዝቃዛ ውሃ በጠበጠችው፤ ወተት መሰለ። በዝግታ እሳት ላይ አማሰለችው። ወፈረና እየጠራ መጣ፣ አብረቀረቀም። አንድ ጓል አልነበረበትም። ቅቤ ጨመሩበትና ከአንድ ሳህን በሉ። ዳርምየለሽ ሳህኑን በጣቷ ጠረገችው።

ዘበርጋ በቅሎዋን ጭኖ ሲመለስ፣ ሲያለቅሱ አገኛቸዋለሁ ብሎ የሰጋላቸው ሴቶች አገጫቸው ቅቤ በቅቤ ሆኖ ይስቃሉ። ድስቱን ቢያይ ባዶ ነው። ግራ ገባው።

ዘበርጋ፦ በቅሎዋ ተጭናለች። ማን ነው የሚሄደው?

ዳርምየለሽ፦ አንተ ነህ። አጎትህ ቤት ሂድና ቡላ አምጣልን፣ አልቆብናል።

እኔም ተረቴን እዚህ ላይ አወረድኩ። እናንተ ተረቴን ያዙ፣ አፌን በቡላ አብሱ። ታዲያ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡት፣ እንዳይጓጉል። ምን ታዩኛላችሁ? ነጠላዬን አፌ ላይ የያዝኩት በርዶኝ ነው።