ዲግሪህ ስንት ነው?

አንድ ሰውዬ ነበረ። የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነው። ትዳር አለው፣ ቤት አለው፣ ሲዘምር ድምፁም ደህና ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ጌም ቤት ይገባል።

አዎ፣ ጌም ቤት። ምን ያስቃችኋል? ከኋላ ያላችሁት ወጣቶች፣ ዛሬ ገና ስልካችሁን ስታስቀምጡ አየሁ፤ ተመስገን ነው። ከፊት ያላችሁት አባቶች ደግሞ ግንባራችሁን አትቋጥሩብኝ። ያነበብነው የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ስለ ወንድም ነው፤ እኔም የምናገረው ስለ ወንድም ነው። ነገሩ የሆነው ሌላ ከተማ ሳገለግል ነው፤ ባለታሪኩ ፈቅዶልኛል፣ የሌሎቹን ስም ቀይሬአለሁ። ስለዚህ ማን ይሆን እያላችሁ አንገታችሁን አታዙሩ።

ጌሙ የተኩስ ጌም ነው። ሁሉን በተኳሹ ዐይን ነው የምታየው። እጅህን ታያለህ፣ ጠመንጃህን ታያለህ፣ ፊት ለፊትህ ያለውን ታያለህ። ራስህን ግን አታይም። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ራስህን አታይም።

ይህ መምህር ለብቻው አይጫወትም። ጓደኛ አለው፤ ምንተስኖት እንበለው። ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ ናቸው። በኋላም መምህሩ የምንተስኖትን እኅት ታሪኳን አገባና ጓደኝነቱ ዝምድና ሆነ። ሰርጉ ላይ ከሁሉ በላይ ያለቀሰው ምንተስኖት ነበር አሉ።

እንግዲህ በዚያ ከተማ የጌም ቤቶች ውድድር ተዘጋጀ። ሁለት ሁለት ሰው እየሆኑ ነው የሚገጥሙት። እነዚህ ሁለቱ ለፍጻሜ ደረሱ። ጌም ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ሰው በመስኮት ያያል። መጨረሻው ዙር ላይ መምህሩ ከግራ በኩል ተመታ። ወደቀ። ተሸነፉ።

ሄድፎኑን ወርውሮ ተነሣ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን አለ መሰላችሁ? «ጥለኸኝ ሸሸህ! ከሃዲ!»

ከሃዲ! ለወንድሙ! ለአንድ ጌም!

ምንተስኖት «በግራህ ነበርኩ እኮ» አለው።

«ውሸታም! አላየሁህም!»

ምንተስኖት ጃኬቱን አንሥቶ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኅቱን ደጃፍ አልረገጠም። ስምንት ወር! በመካከሉ ታሪኳ ሴት ልጅ ወለደች። አጎት የአራስ ቤት ገንፎ ሳይቀምስ ልጅቷ ስድስት ወር ሞላት። አራት መንደር ተሻግሮ ነው የሚኖረው፤ አልመጣም። ይኼኛውም አልጠራውም። ታሪኳ በባሏና በወንድሟ መካከል ተቀምጣ ታጠባለች።

አሁን የእኔን ጉድ ልንገራችሁ። ሽማግሌ ሆነን የገባነው እኔና ሁለት አባቶች ነን። ሦስት ጊዜ ተቀመጥን። «ሰድቦሃል ወይ?» አልን። «ከዚህ በፊት ቅያሜ ነበራችሁ ወይ?» አልን። ጥቅስ ጠቀስን፣ ጸለይን። ማናችንም ግን «እስቲ ያንን ጌም አሳዩን፣ እውነት ጥሎህ ሸሽቷል ወይ?» አላልንም። የጠቡን መነሻ ሳናይ ልናስታርቅ! እንዲህ ያለ ሽምግልና አይታችሁ ታውቃላችሁ?

መምህሩም በመጨረሻ የተለመደችውን አለን። ታውቋታላችሁ። «ለጌታ ስል ይቅር ብዬዋለሁ፤ ግን ዐይኑን ማየት አልፈልግም።»

ኧረ በጌታ! ይቅርታ «ግን» አለው እንዴ? ዐይኑን ሳታይ ይቅር ያልከው ማንን ነው?

ያን ሰሞን ምንተስኖት ሥራው ወደ ጂንካ ተዛወረ። በሚቀጥለው ሰኞ ሊሄድ ነው። የእኅቱን ልጅ ሳያቅፍ ሊሄድ ነው። ታሪኳም መምህሩም ይህን ሰምተዋል። እሷ ልብስ ታጥፋለች። እኔ ሄጄ አይቻታለሁ፤ ያንኑ ልብስ እየዘረጋች መልሳ ታጥፈዋለች።

መምህሩስ? ቅዳሜ ነዋ! ጌም ቤት ገባ። ከምንተስኖት ወዲህ ሁለት ሰው ቀያይሯል፤ ይህ ሦስተኛው መሆኑ ነው። ገና አንድ ዙር ሳይጨርሱ ከግራ ተመታ። «ይኼም ጣለኝ! ይኼም ከሃዲ ነው!» ብሎ ጮኸ።

የጌም ቤቱ ባለቤት ርብቃ የምትባል ሴት ናት። ነገረኛ አይደለችም፤ ትዕግሥቷ ግን ያን ቀን አለቀ። መጥታ ከጀርባው ቆመች፣ ስክሪኑን አየችና ጠየቀችው።

«መምህር፣ ዲግሪህ ስንት ነው?»

ኮራ ብሎ ዞረ። «የመጀመሪያውን በሒሳብ ይዣለሁ፤ ሁለተኛውን ዘንድሮ እጨርሳለሁ።»

ጌም ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እናንተም ሳቁ፣ ግድ የለም፤ ኋላ አትስቁም።

«የትምህርቱን አይደለም» አለችው። «የዕይታህን ስፋት ነው ያልኩህ። ሴቲንጉ ውስጥ ገብተህ ስንት ዲግሪ አድርገኸዋል?»

ስልሳ አድርጎታል። የሒሳብ መምህር! ዘጠነኛ ክፍልን ስለ አንግል የሚያስተምር ሰው! ዓለሙን በስልሳ ዲግሪ እያየ ነው ያን ሁሉ ጊዜ የተጫወተው።

«ለምን አጠበብከው?» ብትለው ምን አላት? «ሲጠብ ጠላት ትልቅ ሆኖ ይታየኛላ። ለመምታት ይመቸኛል።»

ሰማችሁት? ጠላት ትልቅ ሆኖ ይታየኛል! ዕይታህን ስታጠብ ከሩቅ ያለው ጠላት ይገዝፋል። ዋጋው ምንድን ነው? አጠገብህ ያለው ሰው ከስክሪኑ ይወጣል። ጠላትህን ለማግዘፍ ወንድምህን ታስወጣለህ። ርብቃ ይህን ስታስረዳው መምህሩ አላመነም። «ሰው ከጎኔ ካለማ እንዴት አላየውም?» አለ።

አልተከራከረችውም። የፍጻሜውን ውድድር ቅጂ አስቀምጣው ኖሮ ከፈተችለት፤ በእሱ ዐይን ሳይሆን በምንተስኖት ዐይን። መምህሩ መጀመሪያ ያየው የራሱን ትከሻ ነው። ምንተስኖት በግራው፣ ሁለት ርምጃ ያህል ቀርቦ እየሄደ ነበር። ዙሩን ሁሉ አልተለየውም። ተኩሱ ሲመጣ ምንተስኖት በዚያው በግራ ተኩሱ ፊት ገባ፣ እሱ ቀድሞ ተመታ፣ እሱ ቀድሞ ወደቀ። ድምፁም ተቀድቷል፤ «በግራህ ነኝ፣ አይዞህ፣ በግራህ ነኝ» ይላል።

በጆሮው ይሰማው ነበር እኮ! ግን ያላየውን አላመነም።

መምህሩ አፈረ። ቶሎ ብሎ ቁጥሩን መቶ ሃያ አደረሰው። ሁሉን ልይ ብሎ ነው። ያን ጊዜ ግድግዳው ተጣመመ፣ ሰዉ ሁሉ ጉንዳን አከለ፣ ራሱን አዞረው። ርብቃ ሳቀች። «እሱም አይሆንም» አለችው። «እንደ አቀማመጥህ ነው የሚመረጠው። ስክሪኑ ጋ ቀርበህ ስትቀመጥ ሰፋ ታደርገዋለህ፣ ከሩቅ ከሆንክ ቀነስ ታደርጋለህ። አንተ አፍንጫህ ስክሪኑን ሊነካ ምንም አልቀረው፤ ዘጠና አምስት ይበቃሃል።» አስተካከለችለት። አንዲት ቁጥር! እኛ ሦስት ጊዜ ተቀምጠን ያልፈታነውን!

ታዲያ በዚያው ወደ ምንተስኖት ሮጠ? አልሮጠም። እሑድ ሙሉ ቤቱ ተቀመጠ። ምን ብዬ፣ በየት በኩል፣ ሰው ምን ይለኛል። ይሉኝታ! ሲሰድብ ያልያዘው ይሉኝታ ይቅርታ ለመጠየቅ ሲሆን እግሩን ያዘው።

ሰኞ ማለዳ ግን አላስችል አለውና ለማንም ሳይናገር ወደ መናኸሪያ በረረ። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሥቷል። ዘሎ ገባ። ምንተስኖት መሀል ላይ ተቀምጧል።

«ከጎኔ ነበርክ» አለው። «አየሁት። አንተ ቀድመህ ነው የሞትከው።»

ምንተስኖት ቦርሳውን ከጭኑ አወረደ። ከዚያ ተነሣና አንገት ለአንገት ተያያዙ። ረዳቱ «ተሳፋሪ ያልሆነ ይውረድ! በሩን ልዘጋ ነው!» እያለ ይጮኻል። ሁለት ትልልቅ ሰዎች በጠባቡ መተላለፊያ ላይ ቆመው ያለቅሳሉ።

ሃሌ ሉያ አትበሉ! ቆዩ፣ አላለቀም። እዚህ ላይ ነው የተናደድኩት።

ምንተስኖት ቀና ብሎ ከመምህሩ ጀርባ ተመለከተ። በሩን አየ፣ በመስኮት አየ። ከዚያ ጠየቀው። «ታሪኳስ? ልጅቷስ? አላመጣሃቸውም?»

አላመጣቸውም። አልነገራትም! ስምንት ወር ያነባችው እሷ፣ ወንድሟን ያጣችው እሷ፤ ዕርቁ ሲመጣ አልጋ ላይ ተኝታ ነበር። ሰውዬው የጌሙን ቁጥር አስተካከለ እንጂ የራሱን የት አስተካከለ? ያኔ የሚያየው ከጠላቱ በቀር አልነበረም፤ አሁን ደግሞ ከራሱ ጸጸት በቀር አልታየውም። አውቶቡሱም ሄደ።

ቤቱ ሲገባ ታሪኳ ልጅቷን ታቅፋ ቆማለች። «ታረቅን!» አላት በደስታ። እሷም «እኔስ?» አለችው።

ወገኖቼ፣ አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

በአራት መሥሪያ ቤት ሠርተህ አራቱም አለቆችህ ምቀኛ የሆኑብህ፣ አራት ኅብረት ቀይረሽ አራቱም ፍቅር የሌለባቸው የሆኑብሽ፣ እውነት ሁሉም ከሃዲ ነው? ወይስ ቁጥሩ ስልሳ ላይ ነው? አንድ ሰው ከሦስት ዓመት በፊት የተናገራችሁን ቃል አግዝፋችሁ፣ አግዝፋችሁ፣ ስክሪኑን ሁሉ ሞልቶታል። በሆስፒታል ያደረላችሁ ሰው የት ገባ? ልጃችሁን ከትምህርት ቤት የሚያመጣላችሁ ጎረቤትስ? አሉ። ከጎናችሁ አሉ። አይታዩማ!

መቶ ሃያዎቹ ደግሞ አትሳቁ። የሰፈሩን ሁሉ ትዳር ታውቃላችሁ፣ የየቤተ ክርስቲያኑን ጠብ ታውቃላችሁ፤ የገዛ ልጃችሁ ለምን እራት እንደማይበላ ግን አታውቁም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለማን ሆነና?

ሆደ ሰፊ ነኝ ትሉኛላችሁ። ሆድ ቢሰፋ ዐይን ከጠበበ ምን ይሠራል? ዲግሪም አላችሁ፤ በየሳሎናችሁ ተሰቅሎ አይቻለሁ፣ ጌታ ይጨምርላችሁ። እኔ የምጠይቃችሁ የሌላውን ዲግሪ ነው። ቤታችሁ ውስጥ «እኔስ?» የሚለው ቃል አፏ ላይ የደረሰባት ሴት አለች። ሳትጠይቃችሁ ቅደሟት።

አሁን ተነሡ፣ እንጸልይ። ሁልጊዜ «አጠገባችሁ ላለው ሰው እንዲህ በሉት» ስላችሁ ፊቱን ሳታዩ ትሉታላችሁ፤ ዐይናችሁ እኔ ላይ ነው። ዛሬ ምንም አትበሉት። እዩት ብቻ። ማን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሰነበተ፣ ፊቱ ላይ ምን እንዳለ እዩ።

ዐይናችሁን አትጨፍኑ። ስንት ዓመት ጨፍናችሁ ጸልያችኋል፤ ዛሬ እያያችሁ ጸልዩ።