የሰርዳሩ ትምህርትና የአስካለ ማሽላ

በእኛ አገር በሰነፍ ላይ የሚተረተውን ተረት የሚደግመው ሁሉ ከመጽሐፍ የተገኘ ይመስለዋል። የምን መጽሐፍ! የወጣው ከአስካለ የማሽላ ማሳ ነው። ፊደል ባልቆጥርም ዓይን ነበረኝ፤ ቆሜ አይቻለሁ።

በባቡር ጣቢያችን አጠገብ ኪርፓል ሲንግ የሚባል ህንዳዊ ወፍጮ ቤት ነበረው። ሃይማኖቱ ሲክ ነው። ጥምጣሙ ከቄስ የማያንስ፣ ጢሙ ደረቱን የሸፈነ፤ እኛ «ሰርዳር» እንለዋለን። እሁድ እሁድ ምስርና ቂጣ አሰርቶ፣ የመጣውን ሁሉ ምንጣፍ ላይ በአንድ ረድፍ አስቀምጦ ያበላል። ባላባቱ ከኩሊ ጎን እግሩን አጣጥፎ ሲጎርስ ማየት ከምስሩ ይበልጥ ይጣፍጥ ነበር። ከተበላ በኋላ ደግሞ ሁሉም ተነስቶ ሳህን ያጥባል፤ ባላባትም ቢሆን!

የአስካለ ባል ይርዳው ከዚያ ማዕድ ቀርቶ አያውቅም። ሳህን ማጠቡ ሲመጣ ግን ሹልክ ነው። ሰርዳሩ እያበላ፣ «ሁሉም በአንዱ ፈጣሪ ትእዛዝ ነው፤ ከሱ ትእዛዝ ውጭ ቅጠል አትነቃነቅም» ይላል። ይርዳው ይቺን ከቂጣው ጋር ጎርሶ ቤቱ ገባ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው! አጥሩ ወደቀ፣ ትእዛዝ ነው። ፍየሏ ጠፋች፣ ትእዛዝ ነው። ጨርቋን ጥላ ያላበደችው አስካለ ትገርመኛለች።

ያን ዓመት ሦስት ልጆቿን የምታሻግርበት ማሽላዋ ብቻ ነበር። እሸቱ ደርሶ ሳለ ግሪሳ ወፍ ተነሳ ተባለ።

«አንተ ሰው፣» አለችው፣ «እኔ ውሃ ልቅዳ፤ አንተ ማማው ላይ ውጣና ወፍ ጠብቅ። ዘንድሮ ይቺ ማሽላ ከተበላች ልጆቼን ይዤ አባቴ ቤት ነው የምገባው።»

«እሺ፣ ሂጂ ቅጂ» አለና ማማው ላይ ወጥቶ፣ ወንጭፉን ትራስ አድርጎ ተጋደመ።

ግሪሳው እንደ ደመና ወረደ። መንደሩ ቆርቆሮ እየቀጠቀጠ ወጣ። ከሁሉ ፊት የሚሮጠው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሰርዳሩ! ጢሙ በዱቄት እንደነጣ፣ መጥበሻ በጭልፋ እየደበደበ። ይርዳው ከማማው ላይ አንገቱን ብቅ አደረገ።

«ሰርዳር፣ ምን ያሯሩጥሃል? ወፉም በትእዛዝ አይደል የመጣው?»

«አዎ በትእዛዝ ነው! ወንጭፉም በትእዛዝ ነው! ያ እጅህም! ተነስ አንተ!»

«እንድነሳ ካልታዘዘስ?»

«መነሳትና መተኛቱን ለአንተ ትቶታል! የዘራኸውን ታጭዳለህ!»

«ይሄን መቼ ነገርከኝና?»

«ሳህን ስናጥብ! ሁልጊዜ የምናገረው ሳህን ስናጥብ ነው!»

እየሮጥኩ ሳቄ አመለጠኝ። ለካ ይርዳው ሃይማኖት የተማረው እስከ መጨረሻው ጉርሻ ብቻ ኖሯል!

ወፉ ተባርሮ ሲነሳ ከማሳው እኩሌታው ባዶ አገዳ ሆኗል። አስካለ እንስራዋን እንዳዘለች ደረሰች። እንስራዋን አወረደች፣ ማጭዷን አነሳች፣ የተረፈውን ታጭድ ጀመር።

«አስካለ፣» አለ ይርዳው ከማማው እየወረደ፣ «እውነት ልትሄጂ ነው?»

«ይሄን ለልጆቼ ስንቅ ካደረግሁ በኋላ።»

ይርዳው የሚያግዘው ሰው ጠፋበትና ወደ ጎረቤታችን ወደ አሮጊቷ እመት ብርነሽ ዞረ። «እስቲ እርስዎ ይፍረዱ፣ እማማ! ትእዛዝ ሳይመጣልኝ ምን ላድርግ?»

እመት ብርነሽ ሲቀጠቅጡት የነበረውን ቆርቆሮ እግሩ ስር ወረወሩና ላባቸውን ጠርገው፣ «ዝም በል! ትእዛዙስ መጣ፣ ታዛዡ ተኛ!» አሉት።