ሰባት ቤት የተቆጠረለት መጥረቢያ

ተረት ተረት!

«የላም በረት!»

ምነው ድምፃችሁ ቀጠነ? ላሟ ካልሰማች እንዴት አድርጋ ትገባለች? እንደገና። ተረት ተረት!

«የላም በረት!»

ይኸው ገባች። በሩን ዝጉት፣ ብርዱ እንዳይከተላት። አንተ እግርህን ሰብስብ፤ እኔ ሳወራ እግሩን የሚዘረጋ ሰው አልወድም።

በድሮ ዘመን፣ ሰው ለነገር ጊዜ በነበረው ዘመን፣ እንዶድ በር የሚባል አገር ነበረ። ያገሬው ሰው ደግ ነው። እንግዳ ይቀበላል፣ የታመመ ይጠይቃል። አንድ አመል ብቻ ነበረበት። ዘር ይቆጥራል። ሰው ሊያጋባ ሲል እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል። ይህስ ደግ ነው፣ እኛም እንቆጥራለን። እነሱ ግን በሬ ሲያጠምዱም ይቆጥራሉ። ድመታቸው ከጎረቤት ድመት ጋር ከታየችም ተሰብስበው ይቆጥራሉ። ከአንድ ማሳ የመጡ ባቄላና አተር ባንድ ድስት አይገቡም ነበር ይባላል። እኔ አላየሁም። የነገረችኝ አያቴ ናት፤ እሷ ደግሞ ካልጨነቃት በቀር አትዋሽም ነበር።

የቆጠራው አለቃ አያ ጓንጉል ይባላሉ። ትልቅ ጥምጣም የሚጠመጥሙ ሽማግሌ ናቸው። የሰውን ዘር ከሰውየው አብልጠው ያውቃሉ። የሰው ዘር ሲቆጥሩ ስለሚውሉ የራሳቸውን ዘመድ የሚያስታውሱት ለዓመት በዓል ብቻ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን አገሬው በወንዙ ላይ ድልድይ ፈለገ። ወንዙ ዳር አንድ ትልቅ ዝግባ ቆሟል። ወደ ወንዙ ቢወድቅ ራሱ ድልድይ ይሆናል። ከዝግባው ኋላ ደግሞ የይመኙሻል ቤት አለ። ይመኙሻል ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ልጇ በዚያ ሰሞን ወልዳ ከነሕፃኗ እዚያው ቤት ተኝታለች። አራስ ናት።

አንለይ የሚባል ዛፍ ቆራጭ ተጠራና መጣ። በወንዙ በኩል ግንዱን በመጥረቢያ ቦርቡሮ አፍ አወጣለት። ከዚያም በቤቱ በኩል መጋዝ አስገባና ከጓደኛው ጋር ይስብ ጀመር። ሲስቡ፣ ሲስቡ፣ ግንዱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነፋስ መጣ። ዝግባውም ወደ ወንዙ መውደቁን ተወና ወደ ኋላው ዘመም አለ። መጋዙ ላይ ተቀመጠበት። መጋዙ ወደፊትም ወደኋላም እምቢ አለ። ዝግባው በይመኙሻል ጣሪያ ላይ አንገቱን ደፋና «ቋ!» አለ።

አንለይም ፦ «አይዟችሁ፣ ሽብልቅ አለኝ» አለ።

ሽብልቅ ታውቃላችሁ? አንድ ጫፉ ቀጭን፣ አንድ ጫፉ ወፍራም የሆነ እንጨት ነው። ቀጭኑን መጋዙ በከፈተው ስንጥቅ ይሰኩታል። ወፍራሙን በመጥረቢያ ጀርባ ይመቱታል። እየገባ በሄደ ቁጥር ዛፉን ከኋላው ብድግ እያደረገ ወደፊት ይገፋዋል። አንለይ ሽብልቆቹን ሰካና መጥረቢያውን አነሳ።

አያ ጓንጉል ጮኹ ፦ «ቁም! ያ ሽብልቅ ከምን እንጨት ነው?»

አንለይም ፦ «ከወይራ ነው አያ።»

፦ «ከየትኛው ወይራ?»

፦ «ከጓሮዎ ከወደቀው።»

፦ «የመጥረቢያህስ እጀታ?»

አንለይ እጀታውን አየና አንገቱን ደፋ። ፦ «ከዚያው ከወይራው ነው።»

ሰዉ ሁሉ «በስመ አብ!» አለ።

አያ ጓንጉልም ፦ «ወንድማማቾች ናቸው! በእንዶድ በር ምድር ወንድም ወንድሙን ባደባባይ ሲደበድብ ቆሜ አላይም። ዘመድ ያልሆነ መጥረቢያ ይፈለግ» አሉ።

ከየቤቱ መጥረቢያ መጣ። ግን በእንዶድ በር ወይራ ሆኖ የወደቀው ያ አንዱ ብቻ ነበርና የሁሉም እጀታ ከእሱ ነው። አጎት ተገኘ፣ የአክስት ልጅ ተገኘ፣ ባዳ ጠፋ።

ምን አልክ? ሽብልቁን ከሌላ እንጨት ለምን አልጠረቡም? ዝም በል። እነሱ ያላሰቡትን አንተ አታስብላቸው።

ሽማግሎቹ ሊመክሩ ተቀመጡ። የተቀመጡትም በወንዙ በኩል፣ ከዝግባው ፊት ነው፤ ጥላው ደስ ይላላ!

አንለይም ፦ «አባቶቼ፣ ዛፉ የሚወድቀው እዚያ ነውኮ፤ ፈቀቅ በሉ» አለ።

አያ ጓንጉልም ፦ «ሽማግሌ ከተቀመጠበት የሚነሳው ነገር ሲያልቅ ነው» አሉ።

አንለይ ምን ያድርግ? እሱም ዳር ይዞ የመጥረቢያውን ስለት ይስል ጀመር። በጀርባው ለሚመታው ሥራ ፊቱን ሲስል ዋለ። እንደዚህ ያለ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። አግብቼውም ነበር።

ይመኙሻልም ከቤቷ ወጣችና እጇን አርገበገበች ፦ «አባቶቼ፣ ፍጠኑልኝ! ከቤት ላውጣት እንዳልል አራስ ናት፣ ምች ይመታታል። ላስተኛት እንዳልል ዛፉ ይመታታል። መሄጃ አጣሁ!»

አያ ጓንጉልም ፦ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ እየቆጠርን ነው ልጄ» አሉ።

ከዚያም አንዱ ሽማግሌ ትዝ አለውና ፦ «ባላምባራስ ይላቅ ቤት አንድ መጥረቢያ አለች። እጀታዋ ከቆላ የመጣ ሎሚ ነው» አለ። አያ ጓንጉል ሎሚውን እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩ። ወይራ የሚባል ዘመድ የለበትም። እልል ተባለ።

ባላምባራስ ይላቅ የአገሩ ሀብታም ናቸው። መጥረቢያይቱም ብር የተለበጠች፣ እንደ መስተዋት የምታበራ፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅላ የኖረች ናት። እንጨት የሚባል ቀምሳ አታውቅም። ከሽማግሎቹ ጥቂቶቹ ተመርጠው ሄዱ፤ አያ ጓንጉልና የቀሩት ከጥላው ሥር አልተነሱም። ቤት ሲደርሱ እንደ ወጉ በሩ ላይ ቆሙ።

ባላምባራስም ፦ «ኧረ ግቡ፣ ተቀመጡ» አሏቸው።

ሽማግሎቹም ፦ «ጉዳያችን ሳይሞላ አንቀመጥም። ልጅዎን ለሽብልቃችን ይስጡን» አሉ።

ባላምባራስም እንደ ወጉ ኮሩ ፦ «ልጄ ገና ናት። ሥራም አልለመደች። ደግሞ ከእናቷ ሳልማከር መልስ አልሰጥም» አሉ።

የመጥረቢያ እናት ማን እንደሆነች እኔን አትጠይቁኝ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ብቻ ባላምባራስ ጓዳ ገቡ፣ ቆዩ፣ ተመለሱ። «ሌላ ቀን ኑ» አሉ። ሽማግሎቹም ጥላቸው እስኪረዝም ቆመው ለመኑ። ዝግባውም በወዲያ በኩል «ቋ!» አለ። በስንት ልመና እሺ ተባለ። መጥረቢያይቱን በነጠላ ሸፈኗትና ዣንጥላ ዘርግተውላት በዘፈን አመጧት።

አንለይ ተቀበላት። ደንደሷን፣ ጀርባዋን ማለቴ ነው፣ በጣቱ ዳሰሰው። እንደ ቂጣ የሳሳ ነው።

፦ «አያ፣ ይቺ ደንደስ የላትም» አለ።

አያ ጓንጉልም ፦ «ደንደስ ምን ያደርጋል? ዘሯ ንጹሕ ነው። ምታ!» አሉት።

መታ። መጥረቢያይቱ እንደ ቃጭል «ጢን!» አለችና ነጥራ ተመለሰች። ሽብልቁ ካለበት ንቅንቅ አላለም። ደግሞ መታ። ያን ጊዜ እጀታው የገባበት ቀዳዳ ተሰነጠቀ። ራሷ ወልቆ በረረ፣ በሽማግሎቹ ላይ ዞረና አያ ጓንጉል ጥምጣም ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ጥምጣሙ ወፍራም ባይሆን ኖሮ በእንዶድ በር ዘር የሚቆጥር ሰው ባልተረፈ ነበር።

አያ ጓንጉልም ጥምጣማቸውን ዳሰሱና ፦ «ቆላ ድረስ ሰው ይላክ። የሎሚው ዘር በደንብ ይጣራ» አሉ።

ፀሐይ አዘቀዘቀች። የማምሻው ነፋስ ተነሳ። ይመኙሻል ወደ ቤቷ ገባች። ከጣሪያው ጥቀርሻ ይረግፋል። አራሷ ሕፃኑን በክንዷ ጋርዳዋለች።

፦ «እማ፣ ጣሪያው ምን ይላል?» አለቻት።

፦ «ምንም አይል ልጄ። ሽማግሎቹ እየመከሩልን ነው።»

ይህን ስትል አፏ መረራት። እውነቴን ነው፣ እኔም ስነግራችሁ ይመረኛል። ያን ጊዜ ዓይኗ ጎታው ላይ አረፈ። አይጥ እንዳይከፍተው ክዳኑ ላይ የተጫነ አንድ አሮጌ መጥረቢያ አለ። የሟቹ ባሏ ነበር። ስለቱ ተበልቶ ተበልቶ ጥርሱ ሁሉ ረግፏል። የቀረው ደንደሱ ብቻ ነው፤ ወፍራም፣ ዱልዱም፣ ከባድ። ዶሮዋ ማታ ማታ እዚያ ላይ ታድራለች።

ምን ያስቃችኋል? ጥርስ የሌለው ሁሉ አይረባም ያላችሁ ማን ነው?

ይመኙሻል ዶሮዋን «እሽ!» አለችና መጥረቢያውን አንስታ ወጣች። አያ ጓንጉል ለእሳቸው የመጣች መስሏቸው በትራቸውን አነሱ። እሷ ግን ዘወር ብላም አላየቻቸው። ቀጥ ብላ ወደ ዝግባው ሄደች። መጥረቢያውን ገለበጠችና ሽብልቁን በደንደሱ አቀመሰችው። «ዷ!» አለ። ሽብልቁ ገባ። መጥረቢያውም አልነጠረ፤ ክብደቱ ራሱ ይሠራል።

ሽማግሎቹም ፦ «ቁሚ አንቺ ሴት! ዘሩ አልተቆጠረም!» ብለው ጮኹ።

«ዷ!» አለች። አንለይም እንደገና የያዘውን ስለት መሳል ተወና ሌላውን ሽብልቅ አጠገቡ ሰካላት። «ዷ!» አለች። ዝግባው ቀና አለ። «ዷ!» አለች። ዝግባው ከቤቱ ላይ አንገቱን መለሰ። ጥቂት አሰበና ወደ ሽማግሎቹ ጎንበስ አለ።

ነገሩ አላለቀም፣ ሽማግሎቹ ግን ተነሱ! አንዱ ነጠላውን ጣለ፣ አንዱ ጫማውን ጣለ። ጉልበቴን ያመኛል ይሉ የነበሩት ሁሉ ወንዙን ዘለሉት። ዝግባውም ከኋላቸው «ጓ!» ብሎ ወደቀ። የተቀመጡበትን ቦታ ደፈጠጠና ወንዙ ላይ ተጋደመ። ድልድይ ሆነ። ቤቱም ዳነ። ከውስጥ ሕፃኑ ደንግጦ «እንጓ!» አለ። ይመኙሻል መሬት ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች።

ሽማግሎቹ በአዲሱ ድልድይ ላይ እየተንቀጠቀጡ ተመለሱ። አያ ጓንጉል የመጥረቢያይቱ ራስ የተሰካበትን ጥምጣማቸውን እየደገፉ ፊት ፊት መጡ።

፦ «ይህ እጀታ ከምን እንጨት ነው?» አሏት።

፦ «ከወይራ ነው አያ። ከጓሮዎ ከወደቀው።»

፦ «ወይኔ! ወንድም ወንድሙን መታ!»

ይመኙሻል እንባዋን በመቀነቷ ጠረገችና ተነሳች።

፦ «መታው፣ ግን ከኋላው ሆኖ ገፋለት። ወንድም ማለት ለጭንቅ ቀን ይኸው ነው። አያ ጓንጉል፣ የእንጨቱን ዘር እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩ። የእኔን አንድ ቤት መቁጠር አቃተዎ? እናቴ እኮ የእናትዎ ልጅ ናት። እዚያ ውስጥ የተኛችው የእህትዎ የልጅ ልጅ ናት።»

አያ ጓንጉል አንድ ጣታቸውን አጠፉ። ሌላውን ሊያጥፉ አሉና ተዉት። ብዙ መቁጠር አላስፈለገም። ከዚያም ጥምጣማቸውን ፈቱ። የመጥረቢያይቱን ራስ ለባላምባራስ እንዲመልስ ለአንለይ ሰጡት። ጨርቁን ይዘው ይመኙሻል ቤት ደጃፍ ድረስ ሄዱ።

፦ «ለሕፃኑ መጠቅለያ ይሁነው» አሉ። «የማን ልጅ ነህ ያሉት እንደሆነ የእኔ ነው በሉልኝ።»

ጨርቁ ረጅም ነበርና ሕፃኑን ሰባት ጊዜ ዞረው ይባላል።

ተረቴን ለመለሰልኝ ምርቃቴ ይድረሰው፤ እናንተ ደግሞ አፌን አብሱልኝ። ቆሎ ግን እንዳታመጡብኝ! ስለቴ ድሮ ረግፏል፣ የቀረኝ ደንደሴ ነው። በደንብ የበሰለ ንፍሮ አምጡ። ባቄላውና አተሩም አብረው ይቀቀሉ፤ ዘመድ ከሆኑም እኔ እሸመግላቸዋለሁ።