የአቶ ዘርጋው ክኒንና የወንድይፍራው ምሳ

አንድ ቀን ጤፌን ላስፈጭ አቶ ዘርጋው ወፍጮ ቤት ሄጄ ወረፋ ይዣለሁ። አቶ ዘርጋውን ለማታውቁት፣ ወለሉ ላይ የፈሰሰችውን ዱቄት በመጥረጊያ ሰብስቦ ወደ ቤቱ የሚልክ ሰው ነው። ስስታም ልለው አልፈልግም፣ ጎረቤቴ ነው። ግን ስስታም ነው። ሆዱ ደግሞ እሱ በሩ ላይ ሳይደርስ ቀድሞት ይገባል። ጆንያ ተሸካሚው ወንድይፍራው ግን ከሲታ ነው፤ ቀበቶው ወገቡን ሁለቴ ሊዞረው ምንም አልቀረውም። ሲቀጠር ውላቸው ምሳ እንዲበላ ስለነበር፣ የአቶ ዘርጋው ሚስት ወይዘሮ አስናቀች ስድስት ሰዓት ሲሆን ሽሮ በሳህን ትልክለታለች።

የዚያን ቀን ስድስት ሰዓት አለፈ፣ ሳህን የለም። ወንድይፍራው ጠዋት ሻይ ብቻ ጠጥቶ እንደሚወጣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ያቺ ምሳ ናት የምታቆመው። መንገድ መንገዱን ሲያይ አቶ ዘርጋው ከኪሱ አንዲት ብልቃጥ አወጣ።

የብልቃጧን ነገር እኔ አውቃለሁ፣ ግድግዳችን አንድ ነው። ነርስ የሆነችው የእህቱ ልጅ ሲስተር ወይንሸት በደሙ ውስጥ ቢ ቫይታሚን አንሶ ስለተገኘ ያመጣችለት ናት። ቢ ቫይታሚን ሰውነት ስቡን ወደ ጉልበት እንዲቀይር ያግዛል፣ ክኒኑ ግን የምግብ ምትክ አይደለም ብላ ስታስረዳው ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አድርጌ በደንብ ሰምቻለሁ። ምስርም እንቁላልም ብላ ብላው ነበር። እሱ የምትጠቅመውን ግማሽ ይዞ ሌላውን እዚያው ትቶታል።

አንዷን ክኒን ወንድይፍራው መዳፍ ላይ አስቀመጠና ከዛሬ ጀምሮ ምሳህ ይቺ ናት አለው። ሽሮ እንቅልፍ ያመጣል፣ ይቺ ግን ጉልበት ትሰጣለች ብሎ አስረዳው።

ወንድይፍራው ክኒኗን ገልበጥ አድርጎ አያት። ከኋላዬ ወረፋ የያዘችው ወይዘሮ ትሁን ዶሮዎቼ እንኳን ከዚህ የተሻለ ነው የሚበሉት አለች። ወንድይፍራው ግን እምቢ እንዳይል፣ በሩ ላይ ሥራ የሚጠብቁ ጎረምሶች ቆመዋል።

አቶ ዘርጋው እምቢ አለማለቱን ሲያይ ደስ አለው። «ሳይንስ ነው እኮ! የምትቃወም ከሆነ በሳይንስ ተቃወመኝ። ካሸነፍከኝ ምሳህ ይመለሳል፤ እነዚህ ሴቶች ምስክር ይሁኑ» አለ።

እኛም ጆንያችን ላይ ተደላድለን ተቀመጥን። ተራዋ የደረሰው ሴትዮ ራሷ አልቸኩልም፣ እናንተ እለፉ አለች። ያለፈም የለም።

ወንድይፍራው ዱቄት የሸፈነውን ፊቱን ጠረገና «እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ ጋሼ፣ ልጠይቅዎት እንጂ አልቃወምዎትም። ይቺ ክኒን ራሷ ጉልበት አላት?» አለው።

«ክኒኗማ ምን ጉልበት አላት! ስቡን ነው ወደ ጉልበት የምታስቀይረው።»

«ስቡስ ከየት ይመጣል?»

«ከሰውነት ነዋ! ከዚህ!» አለና አቶ ዘርጋው የገዛ ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ ነቅነቅ ነቅነቅ አደረገው።

ሁላችንም ነጠላችንን ወደ አፋችን ወሰድን። ወንድይፍራው ሸሚዙን ወደ ላይ ሰበሰበ፤ የጎን አጥንቱን አንድ በአንድ መቁጠር ይቻላል። ከዚያ ሸሚዙን መለሰና በብርጭቆ ውሃ ቀድቶ አቶ ዘርጋው አጠገብ አስቀመጠ። ክኒኗን በሁለት እጁ፣ ጎንበስ ብሎ፣ መልሶ አቶ ዘርጋው መዳፍ ላይ አኖራት። የእኔን የጤፍ ጆንያ ደግሞ እየጎተተ አምጥቶ እግሩ ሥር አቆመለት።

«እንግዲህ ጋሼ፣ ስቡ ያለው እርስዎ ጋ ነው። ክኒኗን እርስዎ ይዋጧት፣ ጆንያውንም እርስዎ ይሸከሙት። እኔ እስከዚያው ሽሮዬን እየበላሁ ለክኒኗ የሚሆን ስብ ላጠራቅምላት።»

ወይዘሮ ትሁን ከጆንያዋ ላይ ወደቀች። እኔ በሳቅ እንባዬ ወርዶ ፊቴ ላይ ያለውን ዱቄት አቦካው። አቶ ዘርጋው አንዴ ጆንያውን፣ አንዴ እኛን አየ። ሰው እያየው ነውና ሊሞክር ጎንበስ አለ፤ ጆንያው ጉልበቱ ጋ ሲደርስ መልሶ ቁጭ አደረገውና ወደ ቤቱ ዞሮ «አስናቀች! ሳህኑን አምጪው!» ብሎ ተጣራ።

ዛሬም ምሳው በሰዓቱ ይመጣል። ክኒኑን አቶ ዘርጋው ራሱ ይውጣል፤ በዋጠ ቁጥር ግን ወንድይፍራው ጆንያ እየጎተተለት እንዳይመጣ ዞር ብሎ ያያል።